ለትራክተሩ የሣልኩት ሙሉ ስኒ

ባለፈው ሐሙስ ከአብነት ወደ ሲኒማ ራስ ስወጣ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ዳገቱ ላይ ሰማያዊ ጭስ መትፋት ጀመረ። ወያላው አንገቱን አስግጎ አየና "ምንም አይደለም፣ ትንሽ ዘይት በዝቶበት ነው!" አለ። ተሳፋሪው ሳቀ። እኔ "ወራጅ አለ" ብዬ ወረድኩ። ገና ብዙ መንገድ ይቀረኝ ነበር። የተቃጠለ ዘይት ሌላውን ሰው አፍንጫውን ያስይዘዋል። እኔን የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ያደርገኛል፣ ያውም ጥፋቷን የደበቀች ልጅ።

አምስተኛ ክፍል ጨርሼ ትምህርት ቤት የተዘጋበት ክረምት ነው። እናቴ መርካቶ ውስጥ፣ የመኪና መለዋወጫ ከሚሸጥባቸው ሱቆች መሀል፣ ሁለት አግዳሚ ወንበር ብቻ የሚያስገባ ሻይ ቤት ነበራት። ስሜን ትዕግስት ብላ ያወጣችው እሷ ናት፤ በኋላ ግን ራሷ "ምን ነክቶኝ ነው?" ትል ነበር። አንድ ቦታ መቀመጥ አልችልም። ሻይ ሳደርስ ብርጭቆ እሰብራለሁ፤ ተሸካሚዎች "ዞር በይ" ሲሉኝ መሀል መንገድ ላይ ቆሜ እሟገታለሁ። ክረምቱ በገባ በሁለተኛው ሳምንት እጄን ይዛ፣ ግድግዳ ለሚጋሩን ለጋሽ ደምሴ አስረከበችኝ።

"ጋሼ፣ እባክዎ ሥራ ይስጧት። ምንም እንዲከፍሏት አልፈልግም፣ ብቻ ከእግሬ ሥር ያንሱልኝ።"

"ምን ትችላለች?"

"መሣል። ደብተሯን ሁሉ የጨረሰችው በሥዕል ነው።"

ጋሽ ደምሴ ፊታቸውን ወደ ድምፄ አዞሩ። አንደኛው ዓይናቸው ሞራ ሸፍኖት ወተት መስሏል፤ ሌላኛውም እየተከተለው ነበር። "መሣል?" አሉ። "እንግዲያው እግዜር ነው የላካት።"

ጋሽ ደምሴ የትራክተር ዕቃ ብቻ ነበር የሚሸጡት። በወጣትነታቸው አርሲ በኩል በመንግሥት እርሻ ኦፕሬተር ነበሩ። ሱቋ ውስጥ እጅ ከተዘረጋ ሁለቱም ግድግዳ ይነካል። ከላይ የጎማ ቀበቶው፣ እነሱ ቺንጋ የሚሉት፣ እንደ ቋንጣ ተንጠልጥሏል፤ ከታች በየካርቶኑ ፊልትሮ ተደርድሯል። ወለሉ ናፍታና እርጥብ ካርቶን ይሸታል። ዝናብ ሲጥል ቆርቆሮው እየተደበደበ እርስ በርስ መሰማማት አይቻልም።

እኔ ትራክተር ሙሉውን አይቼ አላውቅም። የማውቀው ቁርጥራጩን ነው። ፊልትሮው የእኔን ጭንቅላት የሚያህል ከሆነ፣ ባለቤቱ ቤተክርስቲያን የሚያህል አውሬ መሆን አለበት ብዬ ነበር የማስበው። ጋሽ ደምሴም ስለሱ ሲያወሩ እንደ ከብት ነው። ይራባል፣ ይታፈናል፣ ያቃጥለዋል፣ ትኩስ ሆኖ ድንገት ካጠፉት ይታመማል። ስለዚህ አውሬው ጠዋት ተነስቶ ቁርስ እንደሚበላ አልተጠራጠርኩም።

ዕቃ ሊገዛ የመጣ ሰው የሚፈልገውን ሳያገኝ በፊት ፈተና ይጠብቀዋል።

"ጠዋት ሞተር ከማስነሳትህ በፊት ምን ታደርጋለህ?"

አንዱ "አማትባለሁ" ይላል፤ ሌላው "ቢስሚላህ እላለሁ"።

"እሱ ጥሩ ነው። ከዚያስ?"

ብዙው ከዚህ በኋላ ወደ ተደረደረው ፊልትሮ ያያል። ጋሽ ደምሴ ይጀምራሉ። ዘይቱን በመለኪያው ሽቦ አይተሃል? ራዲያተሩ ላይ የተለጠፈውን እብቅ አራግፈሃል? ቺንጋውን በአውራ ጣትህ ገፋ አድርገህ ላላ ወይስ ጠበቀ ብለሃል? ግራሶ ከማጠጣትህ በፊት ቀዳዳውን ጠርገሃል? ወይስ አፈሩን አብረህ ነው የምታጎርሰው? በክረምት በርሜል ውስጥ ውሃ ይገባል፤ ከናፍታው ፊልትሮ ሥር ያለችውን ቡሎን ላላ አድርገህ ውሃውን አፍስሰሃል? የጎማውን ቡሎኖች በመፍቻ ሞክረሃል?

"ትራክተር በአንድ ቀን አይሞትም" ይላሉ። "ወር ሙሉ ሲነግርህ ከርሞ ነው። አንተ ነህ ያልሰማኸው።"

ፊት ለፊት ያለው ከድር፣ የመኪና ቀበቶ የሚሸጠው፣ ከሱቁ ደጃፍ ይጮኻል። "ጋሼ! ሱቅ ነው ወይስ የሰንበት ትምህርት ቤት? ሰውየው እኮ ፊልትሮ ነው የፈለገው፣ ንስሐ አይደለም!"

"አንተ ደግሞ ሸጠህ ትሸኘዋለህ፣ በወሩ ተመልሶ ይገዛሃል!"

"ታዲያ ንግድ ምን መሰለዎ?"

እኔን የፈለጉኝ ለካርዱ ነው። በአፍ የተነገረ ነገር አውቶቡስ ላይ ይፈስሳል ይሉ ነበር። ስለዚህ ከፊልትሮ ካርቶን የተቆረጠ ብጣሽ ላይ ኦፕሬተሩ ጠዋት ጠዋት የሚያደርገው ሁሉ በተራ ይሣልለታል። ፊደል የለበትም። "አንዱ ፊደል ያነባል፣ አንዱ ቁቤ ያነባል፣ አንዱ ጭራሽ አያነብም። ሥዕል ግን ለሁሉም ሥዕል ነው።" ጥግ ላይ ግማሽ ፀሐይ፣ ማለዳ ለማለት። ከዚያ ሽቦው፣ ራዲያተሩ፣ ቺንጋውን የሚገፋ አውራ ጣት፣ የውሃ ጠብታ። እሳቸው እየተናገሩ እኔ በእስክሪብቶ እሥላለሁ። መጨረሻ ላይ እንደ ፀሎት ያስደግሙኛል፤ ስደግምላቸው በጣታቸው ካርቶኑን እየዳሰሱ ይከተላሉ። እስክሪብቶ ካርቶን ላይ ጉድጓድ ይተዋል።

ያንን ሥራ ወድጄው ነበር። ይህን ሳልናገር ብቀር ውሸት ይሆናል። ኦፕሬተሮቹ ካርዱን ተቀብለው በሁለት እጃቸው ይዘው ሲያዩት፣ ከዚያም በላስቲክ ጠቅልለው ደረት ኪሳቸው ሲከቱት፣ ቁመቴ የጨመረ ይመስለኛል።

ገመዳ የመጣው ሐምሌ አጋማሽ ላይ ነው። ከአርሲ በኩል፣ ቀጭን፣ ጭቃ እስከ ጉልበቱ የደረሰ። ለታላቅም ለታናሽም "አንተ" ነበር የሚለው፤ ጋሽ ደምሴ ግን ቅር አይላቸውም፤ እንዲያውም ያሳደጉት ይመስል ደስ ይላቸዋል። ለረጅም ጊዜ የሰው ትራክተር ሲነዳ ቆይቶ፣ አሁን አምስት ዘመዳሞች ተባብረው አንድ አሮጌ ትራክተር ገዝተው መሪውን ለሱ ሰጥተውታል።

"መሬት አለህ?" አሉት ጋሽ ደምሴ።

"የለኝም። የኔ መሬት መሪው ነው።"

ፈተናውን ከማንም በተሻለ አለፈ። አንድ ነገር ብቻ አላወቀም። እስከዚያ ቀን የነዳቸው አዲሶች ስለነበሩ የአየር ማጣሪያቸው ወረቀት ነው። ይኼኛው የድሮ ነው፣ በዘይት የሚሠራ።

"ከማጣሪያው ሥር ስኒ የመሰለች ነገር አለች" አሉት። "ውስጧ ዘይት ታደርጋለህ። ስኒዋ ላይ መስመር አለ። ዘይቱ እስከ መስመሩ፣ ከዚያ አያልፍም። አፈር ሲገባባት አውጥተህ ታጥባታለህ፣ አዲስ ዘይት ትጨምራለህ፣ እንደገና እስከ መስመሩ።"

ዝናቡ ያን ጊዜ ወረደ። ቆርቆሮው ጮኸ። ገመዳ "እሺ፣ እሺ" እያለ ጭንቅላቱን ይነቀንቃል፤ ምን ያህሉን እንደሰማ እንጃ። ጋሽ ደምሴ ወደኔ ዘወር ብለው "ሣይለት" አሉኝ።

ስኒ ሥዬ አላውቅም ነበር፣ ያቺ የመጀመሪያዬ ናት። ሣልኳት። መስመሩንም አደረግኩ፣ ከግማሽ ትንሽ ዝቅ ብሎ። ዘይቱን እስከ መስመሩ አጠቆርኩት። ከዚያ አየኋት። አስጠላችኝ። እናቴ ሻይ ቤት ውስጥ አንድ ሕግ ነበር፤ ጎደሎ ብርጭቆ ለሰው አይሰጥም። አጉድዬ ያቀረብኩ ቀን "ሰውየውን ሂድ ልትይው ነው?" ብላ ጆሮዬን ጠምዝዛኛለች። እዚህ ደግሞ ሰውየው ከሩቅ መጥቷል፣ አውሬው ማለዳ ተነስቶ ቀኑን ሙሉ ሊያርስ ነው፣ ግማሽ ስኒ ቁርስ? ስስታም የሣለችው መሰለ። እስክሪብቶዬን አጥብቄ ይዤ እስከ አፉ ሞላሁት። መስመሩ በጥቁሩ ውስጥ ጠፋ።

ይህን በልጅነት አልፈው ነበር። የማላልፈው ቀጥሎ ያለውን ነው።

ዝናቡ አባራ። ውጭ ልጆች በቦዩ ጎርፍ ላይ የካርቶን ጀልባ ሊያሽቀዳድሙ ይጠራሩ ነበር። ገመዳ አውቶቡስ እንዳያመልጠው ቆሟል። ጋሽ ደምሴ እጃቸውን ለካርዱ ዘረጉ፣ ከድር ግን የሆነ ነገር ጠርቶ ስለጠየቃቸው መልሰው ሰበሰቡት።

"ስኒዋ እስከ መስመሩ ናት?" አሉኝ።

መስመሩ የት እንደገባ አውቃለሁ። እሳቸው "አያልፍም" ያሉትንም ሰምቻለሁ። ትክክል አይደለም ካልኩ ሌላ ካርቶን መቁረጥ፣ ከፀሐይዋ መጀመር ነው።

"አዎ" አልኩ።

ገመዳ ካርዱን ተቀብሎ አየው፣ ሳቀልኝ፣ ደረት ኪሱ ከተተው። እኔ ወደ ጎርፉ ሮጥኩ። ጀልባዬ አንደኛ ወጣች።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለሰ። የያዘው ካርዱን ብቻ ነው። ሱቁ ውስጥ አልቀመጥም ብሎ ቆሞ ነው የተናገረው።

"ማሳ ላይ ነበርኩ። ሞተሩ በራሱ ጮኸ። ጋዝ አልረገጥኩም ጋሼ፣ በእናቴ አልረገጥኩም። ቁልፍ አጠፋሁ፣ እምቢ። ናፍታ ዘጋሁ፣ እምቢ። ጭስ ሰማያዊ፣ በሬ እንኳ ቢቆም አይታይም። ዘልዬ ወረድኩ። ከዚያ ብረት የሞተሩን ጎን በስቶ ወጣ።"

ጋሽ ደምሴ ሸበጣቸውን መሬት ላይ ፈተግ ፈተግ አደረጉ። "ከአየሩ ጋር ዘይት ስቦ ነው" አሉ ቀስ ብለው። "ያንን ዘይት እንደ ናፍታ አቃጠለው። ያን ጊዜ ቁልፍ አይሰማም። የአየር መሳቢያውን አፍ በጨርቅ ማፈን ብቻ ነበር።" ወደ ገመዳ ዞሩና "ስኒዋን ምን ያህል ነበር የምትሞላው?" አሉት።

"ሙሉ። ሙሉ አይደል ያልከኝ?"

ካርዱን አቀበላቸው። ጋሽ ደምሴ ወደ ዓይናቸው አላስጠጉትም። አመልካች ጣታቸውን ከጥጉ ፀሐይ ጀምረው አስኬዱት፤ ሽቦው፣ ራዲያተሩ፣ አውራ ጣቱ። ስኒዋ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ጣታቸው ከሥሯ ተነስቶ ወደ ላይ ወጣ፣ መሀል ላይ ሊያርፍ ሞከረ፣ ማረፊያ አጣ፣ አፏ ድረስ ሄደ። እዚያ ቆየ።

እኔ ቺንጋዎቹ ሥር ቆሜ ነበር። አውሬው ስኒዋን እንደማይጠጣት ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። ዘይቱ አቧራ ለመያዝ ነበር።

"እኔ ነኝ ያስሣልኩት" አሉ ጋሽ ደምሴ። "ጥፋቱ የኔ ነው።"

ገመዳ አላየኝም። ምን ብሎ ያየኛል? ልጅ ነኝ። "ሰዎቹ ቸልተኛ ነህ አሉኝ" አለ። "ዘሩን ሳይዘሩ ቀሩ። ካርዱን ሳሳያቸው ራስህ ነህ የሣልከው አሉኝ። መሪውን ሊነጥቁኝ ነው፣ ሽማግሌ ተቀምጧል። ና ንገርልኝ።"

"እመጣለሁ።"

ወሬው መደዳውን ሲዞር ሰዓት አልፈጀበትም። ከድር እንኳ ለአንድ ቀን ቀልዱን ተወ። በማግስቱ ግን አፉን መያዝ አቃተው፤ "ጋሼ፣ ዛሬ ፈተናውን ማን ይፈትናል?" አላቸው። ጋሽ ደምሴ ካርቶኖቹን መደርደር ቀጠሉ። ከድር ራሱ አፍሮ ሻይ ላከላቸው።

ነሐሴ ላይ ለመሄድ ተነሱ። ከአንድ ቀን በፊት እናቴ ፊት ጠሩኝ። "አውቶቡስ ተራ እስክደርስ ከድር ይሸኘኛል። እዚያ ስወርድ ግን ዓይን ያስፈልገኛል። ትዕግስት አብራኝ ትሂድ፣ በሦስተኛው ቀን እመልስልሻለሁ።"

"ትሂድ እንጂ ጋሼ! አገር ታያለች" አለች እናቴ።

ጋሽ ደምሴ ወደኔ ዞሩ። "ትራክተር ሙሉውን አይተሽ አታውቂም አይደል?" አሉኝ። በድምፃቸው ውስጥ ቁጣ ፈለግኩ፤ የለም። ያ ነው ይበልጥ ያስፈራኝ። እዚያ ሽማግሌ ተቀምጦ "ማን ሣለው?" ሲል ታየኝ። ሁሉም ዞሮ ሲያየኝ ታየኝ። ገመዳ ሲያየኝ ታየኝ።

በማግስቱ ጠዋት ሆዴን አመመኝ አልኩ። እናቴ ግንባሬን ዳሰሰች፣ ፌጦ በጠበጠችልኝ። ጋሽ ደምሴ ከበሩ ውጭ ጃንጥላቸውን ይዘው ቆመው ይሰሙ ነበር። ፌጦውን እስከ መጨረሻው ጠጣሁት፣ ውሸቴ እንዳይታወቅ።

"እግዜር ይማርሽ" ብለው ከከድር ጋር ሄዱ።

ሦስት ቀን ሱቃቸውን እያየሁ ተቀመጥኩ። ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ቦታ የተቀመጥኩት። ሰው ፊልትሮ ፈልጎ ሲመጣ "የለም፣ አርሲ ሄደዋል" እላለሁ። አንዱ ኦፕሬተር ካርድ እንድሥልለት ለመነኝ። እስክሪብቶ ጠፍቶብኛል አልኩት።

በአራተኛው ቀን ከሰዓት መጡ። ጫማቸው ውሃ ጠጥቶ አብጧል። እናቴ ሻይ ቤት ገብተው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ፤ እናቴ ሻይ አቀረበችላቸው፤ እጃቸውን ለማሞቅ ያዙት እንጂ አልጠጡትም።

"እንዴት ሆነልዎ ጋሼ?"

"አላመኑኝም።"

"እንዴት?"

"ካርዱ የኔ ነው አልኩ። ማን ሣለው አሉኝ። እኔ አልኩ። አንደኛው ሽማግሌ ወረቀትና እርሳስ አስመጣና 'እንግዲያው አባት፣ አንዲት ስኒ ሣልልን' አለኝ።" ብርጭቆውን አስቀመጡት። "ጀመርኩ። ክቡ ጫፍና ጫፉ አልገናኝ አለኝ። እንደገና ጀመርኩ። ከወረቀቱ ወጥቼ ጉልበቴ ላይ ነበር የምሥለው።"

"ሳቁ?"

"ቢስቁ ይሻለኝ ነበር። ተነስተው እጄን ሳሙኝ። 'ልጁን ወደህ፣ አዝነህለት መጣህ። እግዜር ይስጥህ። ግን ዓይን የሌለው ሰው ይህን አልሣለም፣ ልጁ ራሱ ሥሎ ነው' አሉኝ። መሪውን በዚያው ቀን ለሌላ ሰው ሰጡት።"

እናቴ የያዘችውን ጨርቅ ጣለች። "እንዴ ጋሼ! ይቺ አይደለችም እንዴ የምትሥልልዎ? ለምን ስሟን አልነገሯቸውም? እሷን ቢወስዷት ኖሮ እኮ..." አለችና አቋረጠች። ወደኔ አየች። የታመመ ሆዴን አየች። ምን እንደገባት አላውቅም፤ ብርጭቆ ሰብስባ ወደ ጓዳ ገባች። ከዚያን ቀን በኋላ ስለዚህ ነገር አንስታብኝ አታውቅም።

ሁለታችን ቀረን። አጠገባቸው ሄጄ ቆምኩ።

"ጋሼ፣ እኔ ነኝ። መስመሩን ያጠፋሁት አውቄ ነው። ሲጠይቁኝም ዋሸሁ።"

"አውቃለሁ።"

"ይቆጡኝ።"

"ምን ያደርግልኛል?" አሉ። ከዚያ የወተት ዓይናቸውን ወደኔ አደረጉ። "እዚያ ብትናገሪው ለገመዳ ነበር። እዚህ ስትናገሪው ለራስሽ ነው።"

አለቀስኩ። አባበሉኝ፤ ያንን ባያደርጉ ይሻል ነበር። አባብለውኝ ሲያበቁ የመንደሩን ስም ጠየቅኳቸው። ነገሩኝ። ከየትኛው ከተማ ወርዶ በየትኛው ጋሪ እንደሚገባ፣ ከድልድዩ በየት እንደሚታጠፍ ሁሉ ነገሩኝ። ክፍት መንገድ እያሳዩኝ ነበር፤ ዛሬ ይገባኛል። እኔ ግን ደብተሬ የመጨረሻ ገጽ ላይ ጻፍኩትና ዘጋሁት፣ እንደተሠራ የቤት ሥራ።

ትምህርት ቤት ሲከፈት ስድስተኛ ክፍል ገባሁ። የመንደሩን ስም እስከዛሬ በቃሌ አውቀዋለሁ። ከቤቴ አውቶቡስ ተራ በእግር አሥር ደቂቃ ነው። አልሄድኩም።